የእንግዳው ግማሽ ጥርስ

የገልባጩ ሹፌር ማዳበሪያውን ከትከሻው አውርዶ ጠረጴዛዬ ላይ ሊዘረግፈው ሲል ጮህኩበት። መጮህ አያምርብኝም፤ ግን ይሠራል። ሰውዬው ማዳበሪያውን እንዳንጠለጠለ ድርቅ አለ።

«ቀስ! ድንች መሰለህ?»

«ድንጋይ ነው እኮ እትዬ።»

«ድንጋይ ከሆነ እኔ ዘንድ ምን ልትሠራ አመጣኸው?»

ማዳበሪያውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ነገሩ እንዲህ ነው። የዘንድሮው ዝናብ ወንዙን አሳብዶት ኖሮ አንዱን ዳርቻ ገምሶ ወስዶታል። አሸዋ የሚያወጡት ሰዎች ውሃው ጎደል ሲል አካፋቸውን ይዘው ቢወርዱ፣ የተገመሰው ገደል ሆዱን ከፍቶ ጠበቃቸው፤ ጥቁርና ከባድ፣ አጥንት የሚመስል ነገር በየቦታው ተሰክቶበታል። ግማሾቹ «የጥንት ግዙፍ ሰው መቃብር ነው፤ አንነካም» አሉ። ግማሾቹ «ድንጋይ ነው፤ ሥራችንን እንሥራ» አሉ። ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። ሹፌሩ ሸምጋይ ሆኖ ከየዓይነቱ ለቃቅሞ መጣ።

«እንግዲህ እርስዎ ይፍረዱን።»

«እፈርዳለሁ፤ የተቀመጥኩት ለዚሁ ነው» አልኩት። ትሕትና ጥሩ ነገር ነው ይላሉ፤ እኔ ጊዜ አላገኘሁለትም። አጥንት ለይቶ ስሙን መጥራት ሥራዬ ነው፤ ሥራዬን ደግሞ አውቀዋለሁ።

ከማዳበሪያው አፍ ላይ አንድ ቁራጭ አነሳሁና በምላሴ ጫፍ ነካሁት። ሹፌሩ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ኧረ እትዬ! ምኑን ነው የሚልሱት?»

«ድንጋይ ምላስ አይዝም። አጥንት ግን ስንት ዘመን አፈር ውስጥ ተኝቶ ድንጋይ ቢሆንም ጥቃቅን ቀዳዳው አይጠፋም፤ ምላስ ይይዛል። ይኸው ያዘኝ። ትሞክራለህ?»

«እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔ ቁርሴን በልቻለሁ።»

እጄን ሰድጄ አንድ በአንድ አወጣሁለት። «ይሄ የጉማሬ ጥርስ ነው። አናቱ ላይ ሦስት ቅጠል የመሰለ ነገር ታያለህ? በማኘክ ብዛት ሲያልቅ እንዲህ የሚሆነው የጉማሬ ጥርስ ነው። ይሄ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ደግሞ ከአዞ ጀርባ ላይ የወጣ ነው። ይሄ የኤሊ ቅርፊት። ይቺ የድኩላ ቁርጭምጭሚት ናት፤ እንዴት እንደምታምር እያት።»

«የሰውስ?»

«የሰው የሚባል ነገር የለበትም። ወንዝ ዳር የኖሩ እንስሳት ናቸው፤ ውሃው ከየቦታው ለቃቅሞ አንድ ላይ የከመራቸው። ሂድና ንገራቸው፤ ሥራቸውን ይሥሩ። ያቺን የተገመሰች ቦታ በአካፋ የነካ ሰው ግን ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

«ከእርስዎ ጋርማ ማን ይጣላል» አለ እየሳቀ።

የሥራ ባልደረባዬ ቆቅ ቦታውን አይቶ እንዲመጣ ከሹፌሩ ጋር ሄደ። ቆቅ የምንለው ስለማይዘናጋ ነው፤ ወረቀት ሲወድቅ ይደነግጣል፣ ከዓይኑ ግን አጥንት አያመልጥም። «ነገ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ» ብሎኝ ወጣ። ብቻዬን ቀርቼ ማዳበሪያውን ስገለብጠው ከሥር የመጨረሻው ቁራጭ ዱብ አለ።

የታችኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ነው፤ የቀኙ። ክብደቱ እጄን ወደ ታች ጎተተው። ጥርሶቹ ላይ ጉብ ጉብ ያሉ ነገሮች ሽምብራ የተበተነባቸው ይመስላሉ። የአሳማ ወገን ነው፣ ከርከሮ ግን አይደለም፤ ዛሬ የሌለ፣ በጥንት ጊዜ ግን በየወንዙ ዳር እንደልቡ የኖረ። ይህን ለማወቅ አንድ ትንፋሽ አልፈጀብኝም። ትንፋሼን የያዘው ሌላ ነገር ነው። አጥንቱ ከፊት በኩል በተሰበረበት ቦታ ላይ አንድ ጥርስ ለሁለት ተከፍሏል፤ ያለው የኋላው ግማሽ ብቻ ነው። በጎኑ ደግሞ አፈሩ የተወበት አንድ ጥቁር መስመር ከላይ ወደ ታች አዘንብሎ ይወርድና ስብራቱ ላይ ሲደርስ ቁርጥ ይላል።

የጥርሱን ሌላ ግማሽ አውቀዋለሁ። የመስመሩንም ቀሪ አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ሳየው ነው የኖርኩት።

በሙዚየማችን በትልቁ አዳራሽ መግቢያ ላይ እንግዳው አለ። ጽሑፉ «እንግዳ አውሬ» ይላል፤ ሰው ሁሉ ግን «እንግዳው» ይለዋል። አፉ ከፊት እንደ አሳማ ሰፊ፣ ክራንቻው ወፍራም ነው። ከኋላ ግን መንጋጋው ጠበብ ይልና ጥርሱ እንደ ከርከሮ ረጅም ይሆናል። እንዲህ ያለ መንጋጋ በሌላ ቦታ ተገኝቶ አያውቅም። የመግቢያ ቲኬታችን ላይ ያለው ሥዕል የሱ ነው። ያገኘው፣ የጠገነውና ስም ያወጣለት አባቴ ነው። በወጣትነቱ ከዚያው ወንዝ ዳር ሁለት ቁራጭ አግኝቶ በሙጫ አጣበቃቸው፤ ክፍተቱን በጄሶ ሞላው። በአጥንት ጥገና እንደሱ ያለ እጅ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ይህን የምለው ልጁ ስለሆንኩ አይደለም፤ እንዲያውም ልጁ ስለሆንኩ ላለማለት ብዙ ታግያለሁ።

ልጅ ሆኜ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ፣ ከጄሶው አጠገብ ያለችውን ግማሽ ጥርስ እያሳየሁ «ሌላው ግማሽ የት ሄደ?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«ወንዙ ዘንድ ነው» አለኝ አባቴ፣ ዘመድ ቤት አደራ የተቀመጠ ዕቃ ይመስል።

አሁን ወንዙ አደራውን መለሰ። ሲመልስ ግን እንግዳውን ሊወስድብን ነው። የፊተኛው ቁራጭ የዚህ አሳማ ከሆነ፣ ከኋላ የተጣበቀበት ቁራጭ የሌላ እንስሳ ነው ማለት ነው። እንግዳው የሚባል አውሬ በምድር ላይ አልኖረም፤ አባቴ በሙጫ የፈጠረው ነው ማለት ነው።

አባቴ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ከቤት የሚወጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። ሱፉን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ይመጣና ሳጥኑ አጠገብ ይቆማል። ማንም አልጠራውም፤ ማንም አይከለክለውም። ለሚመጡት ልጆች ስለ እንግዳው ያወራላቸዋል። በሌላው ቀን ምግብ ለማስቀመስ የምንታገለው ሰውዬ ቅዳሜ ጠዋት ጺሙን እየተላጨ ያፏጫል። እንግዳው ከሳጥኑ ከወጣ የአባቴ ቅዳሜ አብሮት እንደሚወጣ አወቅሁ፤ ፈራሁም።

ለታላቅ እህቴ ደወልኩላት።

«ሆድ ይፍጀው በያ» አለችኝ። «ስንት ዘመን የቆየ አጥንት ነው፤ እሱ እስኪያልፍ ቢቆይ ምን ይሆናል?»

«ቆቅ ነገ ይመጣል። ቆቅ ካየው አለቀ።»

«ደብቂያታ!»

«አጥንት ደብቄ አላውቅም።»

«አንቺ ደሞ! ልጁ ነሽ ወይስ ዳኛው?» ብላ ዘጋችብኝ።

እህቴን አልፈርድባትም። የወደቀ ዛፍ ምሳር እንደሚበዛበት እኔም አውቃለሁ። ለአባቴ ሲያጨበጭብ የኖረው ሁሉ ነገ «ድሮም ጠርጥረን ነበር» ማለቱ አይቀርም። ግን ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማው በገዛ ጣቱ ቢያገኘው ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ቆቅ ከመመለሱ በፊት ሁለተኛው ዓይን አባቴ ይሆናል።

ሁለተኛው ዓይን ያልኩት የሙዚየማችን ሥርዓት ነው። በአጥንት ክፍላችን ማንም ብቻውን አጥንት አይሰይምም። ሁለት ሰው፣ አንዱ ሌላው ምን እንዳሰበ ሳይሰማ ያየዋል። ከዚያ ሁለቱም የዛሬ ዘመን እንስሳት አጥንት ወደተደረደረበት ቁምሳጥን ይሄዱና ከአጥንቱ ጋር ይመሳሰላል የሚሉትን ከጀርባቸው ደብቀው ያመጣሉ፤ ቆጥረው እኩል ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። ያመጡት አንድ ዓይነት ከሆነ አጥንቱ ስም አገኘ። የተለያየ ከሆነ ክርክር ነው፤ ምሳ ይረሳል። ለሚያየን ሰው የልጆች ድብብቆሽ እንመስላለን። ሥርዓቱን ያወጣው አባቴ ራሱ ነው። «አፍ ዓይንን ይጎትታል» ይላል፤ አንዱ «አሳማ ነው» ካለ ሌላው ድንጋይ ላይ የአሳማ ጆሮ ያያል። እንግዳውን በሰየመ ጊዜ ግን ይህ ሥርዓት ገና አልነበረም።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳጥኑ አጠገብ አገኘሁት። የጽዳት ሠራተኛዋ ወልውላ የሄደችውን መስታወት በመሐረቡ ደግሞ ይወለውላል።

«አባባ፣ ሁለተኛ ዓይን እፈልጋለሁ።»

«ቆቅስ?»

«ወንዝ ወርዷል።»

«ዓይኔ እንኳ እንደ ድሮው አይደለም» አለ፤ ይህን ሲል ግን ባርኔጣውን አውልቆ ጨርሷል።

ጋዋን አለበስኩት። ድሮ የሚጠብበው ጋዋን ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እሱ ግን ልብ አላለውም። ወንበሩን ራሱ ሳበ፤ መብራቱን ወደ ራሱ አዞረ፤ ማጉሊያ መነጽሩን አንስቶ «ይሄን በቅባት እጁ የነካው ማነው?» እያለ በጋዋኑ ጫፍ ወለወለው። ክፍሉ የማን እንደሆነ ወዲያው ታወቀ።

መንጋጋውን ሰጠሁት።

አባቴ አጥንት የሚያየው በአውራ ጣቱ ነው። ከኋላ ጀመረ፤ መንጋጋው ከራስ ቅል ጋር ከሚገናኝበት። ቀስ እያለ ወደ ጥርሶቹ መጣና ጉብታዎቹን በጥፍሩ አንድ በአንድ ነካ። አሳማነቱን ያወቀባት ቅጽበት አላመለጠችኝም፤ «ይሄማ ቀላል ነው» ሲል ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ትሄዳለች። ከዚያ ጣቱ ወደ ፊት ሄደ። ግማሿ ጥርስ ላይ ደረሰና ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እንደገና መጣባት። መነጽሩን አነሳና ጥቁሩን መስመር ከላይ ወደ ታች ተከተለው። ስብራቱ ላይ ሲደርስ መነጽሩን ድምፅ ሳያሰማ አስቀመጠው።

ፊቱን ለማየት አልደፈርኩም። እጁን አየሁ፤ እጁ ምንም አይልም።

«ጨረስክ?»

«አንቺስ?»

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው እናምጣ።»

ወደ ቁምሳጥኑ ሄድኩ። ያን ጊዜ በልቤ የመጣውን አልደብቅም። ሥርዓቱ የሚጠይቀው የምን እንስሳ እንደሆነ ብቻ ነው። የአሳማ ነው። የአሳማ መንጋጋ አምጥቼ ባስቀምጥ አልዋሸሁም፤ ከየትኛው ስብራት ጋር ይገጥማል ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከማንም ጋር ተከራክሬ ወደ ኋላ የማልለው ሴትዮ፣ ይቺን ጠባብ ቀዳዳ አየሁና ሹልክ አልኩባት። እሱ ካነሳው ይነሳል፤ ካላነሳው እህቴ እንዳለችው ሆድ ይፍጀው። መሳቢያውን ስቤ የአሳማውን መንጋጋ ከጀርባዬ ደበቅሁ።

ዞር ስል አባቴ ክፍሉ ውስጥ የለም። ከአዳራሹ የቁልፍ ድምፅ መጣ። የሳጥኑ ሁለተኛ ቁልፍ ከሱፉ ኪስ ወጥቶ አያውቅም፤ ጡረታ ሲወጣም ቁልፉን መልስ ለማለት የደፈረ የለም። እንግዳውን በሁለት ክንዱ አቅፎ ተመለሰ።

«አንድ፣ ሁለት» አለ እንደ ድሮው። እኔ የአሳማውን መንጋጋ፣ እሱ እንግዳውን፣ እኩል አስቀመጥን።

ጠረጴዛውን አይቶ ወደ እኔ ቀና አለ።

«ግማሹን ነው ያመጣሽው።»

«አባባ...»

«አባባ አትበይኝ! በዚህ በደከመ ዓይኔ ያገኘሁትን አንቺ ሳታይው ቀርተሽ ነው? ያቺ ጥርስ የት ሄደች እያልሽ በልጅነትሽ ስትነዘንዢኝ የኖርሽው?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ቅዳሜህ ነዋ!» ጮህኩ። ቅድም እንዳልኩት አያምርብኝም። «ይሄን ከፈታነው ሳጥኑ ባዶ ይሆናል። ከዚያስ? ቤት ተቀምጠህ ግድግዳ ልታይ ነው?»

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበትና በመሐረቡ አፉን ያዘ።

«መስታወት ለመወልወል የምመጣ መስሎሽ ነው? እኔ የማውቀውን ለልጆች ልነግር ነው የምመጣው። ከዛሬ ጀምሮ የማላምንበትን ልነግራቸው ነው? ይልቅ ሌላ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ሙጫው ያረጀ ነው፤ ስንፈታው አጥንቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ባይገጥምስ?»

«ይገጥማል።»

«እኔም እርግጠኛ ነበርኩ እኮ።»

«አንተ ሌላውን ግማሽ አላየህም። እኔ አይቻለሁ።»

አገጩን ቀና አደረገ። መልሱ ደስ ሲለው የሚያደርገው ነው፤ ሌላ ሰው ቁጣ ይመስለዋል።

«እንግዲያው ጥጥ አምጪ።»

የድሮው ሙጫ የሚፈታው በአሴቶን ነው፤ ሴቶች የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት ያው እሱ። አባቴ ጥጡን ነክሮ መጋጠሚያውን ዙሪያውን ጠመጠመው፤ ቶሎ እንዳይተን በላስቲክ ሸፈነው፤ እንግዳውን አሸዋ የተሞላ ትሪ ላይ አስደግፎ አቆመው። ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆው የሚንቀጠቀጥበት ሰውዬ ነው። ያን ጊዜ ግን እጁ እንደ ግንብ ጸጥ አለ። ሽታው ራስ ስለሚያዞር መስኮቱን ከፈትኩት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ» አለ ጥጡን ጫን ጫን እያደረገ። «ሙጫ ግን ጨዋ ነው፤ ቀስ ብለው ከለመኑት ይለቃል።»

«አንተስ?»

«እኔ ገና ነኝ። ጥቂት ጠብቂኝ።»

ሙጫው እስኪለሰልስ ስለ እናቴ አወራኝ። እናቴ እዚሁ ሙዚየም ቀለም ቀቢ ነበረች፤ የጄሶ ጥገናዎችን ከአጥንቱ ቀለም ጋር የምታመሳስለው እሷ ነበረች። የእንግዳውንም ጄሶ የቀባችው እሷ ናት። ይህንን አውቃለሁ። የማላውቀውን ነገረኝ።

«ስትቀባው አልሆን አላት። ለፊቱ የሚስማማው ቡናማ ለኋላው አልስማማ አለ፤ የኋላው ወደ ግራጫ ይሄዳል። ፍቃ ቀባችው፤ ደግማ ፋቀችው። በመጨረሻ ብሩሿን አስቀመጠችና ‹እነዚህ ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች አይመስሉኝም› አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«‹የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ይልቅ አንቺ ቀቢ› አልኳት።»

እናቴ እንዲህ ተብላ ዝም የምትል ሴት አልነበረችም። ጄሶውን ከፊት በቡናማ ጀምራ ወደ ኋላ ቀስ በቀስ ወደ ግራጫ እየወሰደች ቀባችው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ሲጠፋ የት ላይ እንደተገናኙ አይታይም። ስትጨርስ «ይኸው አጋብቼልሃለሁ። ቢፋቱ ግን እኔ የለሁበትም» አለችው። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ድምፅዋን አስመስሎ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ያልሰማሁት ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ገባ።

ላስቲኩን አነሳ። መጀመሪያ የወጣው ጄሶው ነው፤ ሳይሰበር፣ እንደ ሐብሐብ ቁራጭ ጎበጥ ብሎ። ከዚያ ሁለቱን አጥንቶች በሁለት እጁ ይዞ ጥቂት፣ በጣም ጥቂት ወደ ጎን አዘነበላቸው። ተለያዩ። የተሰነጠቀ ነገር የለም። እስከዚያ ቀን የተነካኩት ከታች በኩል ጥፍር በምታክል ቦታ ብቻ ኖሯል፤ ውሃ ያሻሸው ጠርዝ ውሃ ባሻሸው ጠርዝ ላይ በአጋጣሚ ተደላድሎ። ከዚያ በላይ ያለው የፊተኛው ቁራጭ ስብራት በጄሶ ተሸፍኖ እንደተሰበረ ዕለት ስል ሆኖ ቆይቷል።

የፊተኛውን ቁራጭ ዘረጋልኝ። «አንቺ ግጠሚው።»

ከወንዝ የመጣውን አጥንት አነሳሁና አስጠጋሁት። ቀጭ አለ። ጥርሷ ሙሉ ሆነች። ጥቁሩ መስመር ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ተሻገረ። ከታች ከተሻሸችው ቦታ በቀር በመሃላቸው ፀጉር አያስገባም። ልክ ነበርኩ። እኔ ልክ ስሆን ደስታዬን የምደብቅ ሰው አይደለሁም፤ ያን ዕለት ግን ቀና ብዬ ወደ አባቴ አየሁ።

አባቴ የእናቴን ጄሶ በመዳፉ ይዞ፣ እሱን እያየ፣ «ተሳስቼ ነበር» አለ።

ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ቃል ከአባቴ አፍ ለመስማት ስጠብቅ ኖሬአለሁ። እራት ላይ ተከራክረናል፤ ሥራ ላይ ተከራክረናል፤ ባል ሳገባም፣ ከባሌ ጋር ሳልስማማም ተከራክረናል። አንድ ቀን ይለዋል፤ ያን ዕለት እጨፍራለሁ እል ነበር። ሲለው ለኔ አልነበረም፤ ለእናቴ ነበር። ጭፈራዬን ትቼ ጥብቅና ቆምኩለት።

«ወንዙ እኮ ነው አባባ። ከየቦታው ለቃቅሞ አንድ ላይ ከምሮ ያሳሳተህ...»

«ወንዙን አትክሰሺ። እሱ አደራውን መልሷል።»

ጄሶውን በመሐረቡ ጠቅልሎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው። እንዳላየ ሆኜ ጥጥ ለቀምኩ።

ከሰዓት በኋላ ቆቅ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባ። ጠረጴዛው ላይ የተፈታውን እንግዳ ሲያይ አፉ ተከፈተ።

«ዝጋ!» አለው አባቴ። «አፍ ዓይንን ይጎትታል። እይና አምጣ።»

«እሺ ጋሼ።»

ቆቅ እጁን ታጥቦ አየ። የገጠመውን አየ፤ ብቻውን የቀረውን አየ። ከቁምሳጥኑ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፦ ለገጠመው የአሳማ መንጋጋ፣ ብቻውን ለቀረው የከርከሮ። አባቴ ራሱን ነቅንቆ «ሰውዬው ጥሩ ነው፤ እንዳይለቅሽ» አለኝ፤ ቆቅ አጠገባችን ቆሞ ጆሮው ሲቀላ።

ኃላፊያችን ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ሳይንስ አይደለም። «የቲኬቱ ሥዕልስ?» አለ። «ይቀየራል» አልኩት። ይቀየራል። ሰው ምን ይላል ብሎ ሊጨቀጭቀኝ ሲሞክር ለሰው ልንል የሚገባንን እኔ ነገርኩት፤ አጥንቶቹንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ራሱ እንዲገጥማቸው አደረግሁ። ቀጭ ሲል በገዛ ጆሮው ሰማ። የነሱ ድምፅ ከእኔ ድምፅ ይሻላል።

ፍርሃቴ ከሱ አልነበረም። ቅዳሜ ሲመጣ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ስልክ ላይ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር አላወራኝም። እህቴም አኩርፋኛለች። ሳጥኑ ውስጥ የገጠመው የአሳማ መንጋጋ ተኝቷል፤ ከጎኑ ብቻውን የቀረው የከርከሮ ቁራጭ። መስኮቱ ጋ ቆሜ መንገዱን ሳይ ከትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ገብተው አዳራሹን በጫጫታ ሞሉት፤ አባቴ ግን የለም። በቃ፣ ገደልኩት አልኩ በልቤ።

ባርኔጣውን ከአጥሩ በላይ አየሁት። እየመጣ ነው፤ እያፏጨ።

ገብቶ ሳጥኑ አጠገብ በቦታው ቆመ። አንዲት ልጅ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ነበር፤ ቀና ብላ አየችው።

«አባባ፣ እንግዳው የታለ? ታላቅ ወንድሜ አለ ብሎኝ ነበር።»

«ቤቱ ገባ» አላት።

ከዚያ ነገራቸው። እንዴት እንዳገኘው፣ እንዴት እንዳጣበቀው፣ እንዴት እንደተሳሳተ። ምንም አልቀነሰም። ጄሶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ቡናማው ወደ ግራጫ የሚሄድበትን አሳያቸው። «ይቺን የቀባቻት ባለቤቴ ናት። እነዚህ ሁለቱ አይዛመዱም ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። እናንተ ሲነገራችሁ ስሙ» አላቸው። ልጆቹ ሳቁ። ስለ እንግዳው ሲያወራ እንዲህ ስቀውለት አያውቁም። «ያቺ መስኮቱ ጋ የቆመችው ደግሞ ልጄ ናት። ግማሽ ነገር ይዛ መጥታ ሌላውን ግማሽ ልትደብቀኝ ነበር፤ እጅ ከፍንጅ ያዝኳት።» ሁሉም ዞረው አዩኝ። የምገባበት ጠፋኝ፤ ግን በሕይወቴ እንዲህ ደስ ያለኝን ቀን አላስታውስም።

ልጅቷ አሁንም ከመስታወቱ አልተላቀቀችም። ጣቷን ብቻውን ወደቀረው የከርከሮ ቁራጭ ቀሰረች።

«የዚህኛውስ? ሌላው ግማሽ የት ሄደ?»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ከሷ ጋር እኩል አየው።

«ወንዙ ዘንድ ነው» አላት። ከዚያ ቀና ብሎ በልጆቹ አናት ላይ ወደ እኔ ተጣራ፦

«አንቺ! የሚቀጥለው ዝናብ መቼ ነው የሚጀምረው?»